ስሜን ከማን ልሰውር? በራሷ ከምትሠራ ኤስኮርት ጋር ቀጠሮ ስለመያዝ፣ ስለ አክብሮትና ስለ ምስጢር አጠባበቅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በፍራንክፈርት አካባቢ የምኖር የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን አራት ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆቼ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ መጥተው እሑድ ይመለሳሉ። በራሷ ከምትሠራ አንዲት ኤስኮርት (በክፍያ የወሲብ አገልግሎት ከምትሰጥ ሴት) ጋር ቀጠሮ ለመያዝ በድረ ገጿ በኩል ጻፍኩላት። እሷም ሙሉ ስሜን፣ ስልክ ቁጥሬን፣ የመታወቂያዬን ፎቶና ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀችኝ። እዚህ ያለነው ሐበሾች እርስ በርስ የምንተዋወቅ ነን፤ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ቢደርስ ወይም ልጆቼ ቢሰሙ አልችለውም። የሐሰት ስም ሰጥቼ ብሄድ ምን ይላሉ? ደግሞስ እንዴት ነው የምቀርባት? ዋጋውስ ይቀነሳል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎን ሳይሸፋፍኑ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። በጀርመን አገር የጤናና የማኅበራዊ ጉዳዮች ምክር በሚሰጥበት ቢሮ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ለብዙ ዓመታት ሳገለግል፣ በዚህ ጉዳይ ወደ እኔ የመጡት ወንዶች አብዛኞቹ የመጡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነበር፤ አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከእነዚያ ሰዎች ጉዳይ ያየሁትን በቅድሚያ ልንገርዎት። ምስጢራቸው ወጥቶ ከተጎዱት መካከል፣ ቀጠሮ የያዘችላቸው ሴት አወጣችብኝ ያለኝ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ያወጣባቸው የገዛ ስልካቸው ወይም የገዛ አፋቸው ነበር፤ አለዚያም ሴት መስሎ የጻፈላቸው አጭበርባሪ ነበር። እርስዎ ግን ጥንቃቄዎን ሁሉ ያነጣጠሩት በሴቲቱ ላይ ነው። ምላሼ በአብዛኛው ይህን አቅጣጫ ለማዞር የሚሞክር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሕጉን እንመልከት፤ ምክንያቱም ፍርሃትዎ ግማሹ የተነሣው ሥራው ራሱ ወንጀል ይመስልዎ ከነበረ ሊሆን ይችላል። በጀርመን አገር ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን በደረሰ ሁለት ሰዎች መካከል በፈቃድ የሚደረግ የወሲብ አገልግሎት ሕጋዊ ነው። ከ2002 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ በስምምነት የተወሰነው ክፍያ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ የሚችል ዕዳ እንዲሆን አድርጓል፤ ደንበኛው ግን «ከፍዬአለሁና አገልግሎቱን ታድርግልኝ» ብሎ ሊከስ አይችልም። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የጸናው የጥበቃ ሕግ ደግሞ ማንኛዋም በዚህ ሥራ የምትተዳደር ሴት እንድትመዘገብና በየጊዜው የጤና ምክር እንድታገኝ ያዛል። የምዝገባው ካርድ በእውነተኛ ስሟ ብቻ ሳይሆን በሥራ ስሟም ሊሰጣት ይችላል። ይህን ልብ ይበሉ፦ መንግሥት ራሱ በሌላ ስም መጠራቷን በሕግ ፈቅዶላታል። ስለዚህ እውነተኛ ስሟን እንድትነግርዎ ወይም ካርዷን እንድታሳይዎ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ አይደለም። ሥራው የሚፈቀድበት ቦታ ግን ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ በርሊን የተከለከለ ክልል የላትም፣ ሙኒክ ግን ሰፊውን የከተማዋን ክፍል ከልክላለች፣ ነዋሪያቸው እስከ 50,000 የሆነ ከተሞችም ፈጽሞ ሊከለከልባቸው ይችላል። በከተማዎ የትኛው ሰፈር እንደሚፈቀድ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናትና «እዚያ አልመጣም» ካለችዎት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ አይከራከሯት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እመለሳለሁ። ስምዎን ለምን ጠየቀችዎት? በራሷ የምትሠራ ሴት በር ላይ የሚቆም ጠባቂ የላትም፣ ከጎኗ ያለ የሥራ ባልደረባ የላትም፣ አስተዳዳሪም የላትም። የማታውቀውን ሰው፣ ብቻዋን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ልታገኝ ነው የምትሄደው። ከመሄዷ በፊት ያላት መከላከያ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሊመጣ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ማወቋ፣ የምታምናት አንዲት ጓደኛዋም የት እንዳለችና በስንት ሰዓት መመለስ እንዳለባት ማወቋ ነው። ክፉ ያሰበ ሰው ስሙ ከታወቀ በኋላ እጁን ለማንሣት ይፈራል። ስለዚህ ስምዎን መጠየቋ ነገ ልታስፈራራዎት አስባ ነው ብሎ መገመት ነገሩን ከሥሩ መገልበጥ ነው። እንዲያውም ምንም ሳትጠይቅ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ለማንም ለማያውቁት ሰው እሺ ከምትል «ሴት» ይልቅ ማንነትዎን የምታጣራዋ ለእርስዎም የተሻለች ናት፤ ለራሷ ደኅንነት የምትጠነቀቅ ሰው የሥራ ስሟን የምትጠብቅ ሰው ናት፣ ምስጢር አወጣች ተብሎ ከተነገረባት ደግሞ የዕለት እንጀራዋ ይቋረጣል።

የሐሰት ስም መስጠት ነውር ነው ወይ ላሉት፣ አዎ፣ በተለይ ስምዎን የጠየቀችው ደኅንነቷን ለመጠበቅ መሆኑን እያወቁ ከሆነ እምነቷን ማጉደል ነው ብዬ አምናለሁ። መስጠት ካልፈለጉ ይንገሯት። «ስሜን አስቀድሜ በጽሑፍ ለመላክ ይከብደኛል፤ በአካል ስንገናኝ መታወቂያዬን ባሳይዎት ይበቃዎታል?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ በዚህ ይስማማሉ፤ መጀመሪያ ሰው በሚበዛበት ካፌ ለአሥር ደቂቃ ተገናኝቶ መታወቂያ ማሳየትም የተለመደ ነው። እምቢ ካለች መብቷ ነውና አመስግነው ይተዉት። የመታወቂያ ፎቶ መላክ የግድ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን አይላኩ። ስምዎና ፎቶዎ ብቻ እንዲታይ አድርገው የሰነዱን ቁጥር፣ አድራሻዎንና ፊርማዎን ይሸፍኑ፣ በላዩም ላይ «ለቀጠሮ ማረጋገጫ ብቻ» ብለው ከቀኑ ጋር ይጻፉበት። ይህን ካደረጉ ምስሉ ከማይገባ እጅ ቢገባ እንኳ በስምዎ የባንክ ሂሳብ ወይም የስልክ ውል ለመክፈት የሚበጅ አይሆንም።

ስለ ቅድሚያ ክፍያ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ራሷን የቻለች፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ድረ ገጽ ያላት ሴት በተለይ ለረጅም ቀጠሮ ወይም ከከተማ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ከዋጋው ጥቂቱን አስቀድማ ብትጠይቅ ያለ ነገር ነው፤ ቀጠሮ ሰጥቶ የሚቀር ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ክፍያው በስጦታ ካርድ ወይም በቫውቸር ቁጥር ካልሆነ የሚል፣ አንዴ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ «የመድን» ወይም «የጠባቂ» እያለ ሌላ ገንዘብ የሚጨምር፣ በስልክ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ለመነጋገር ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ሴትም ኤስኮርትም አይደለም። ፎቶዎቹን ከሌላ ሴት ገጽ የወሰደ ሌባ ነው። እዚያው ላይ ያቁሙ።

አሁን የበለጠ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም ስልክዎ ነው። ልጆችዎ በየሁለት ሳምንቱ እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ልጆች ደግሞ የአባታቸውን ስልክና ታብሌት ይነካካሉ። በስልክዎ ያነሡት ፎቶ፣ የተጻጻፉት መልእክት፣ የፈለጉት አድራሻ በአንድ የጉግል ወይም የአፕል መለያ የተያያዘ ከሆነ ሳሎን ባለው ታብሌት ላይም ይታያል። መኪናዎ ስልክዎን በብሉቱዝ ካወቀው፣ ልጆችዎ ከኋላ ተቀምጠው እያለ የላከችልዎትን መልእክት ጮክ ብሎ ሊያነብልዎት ይችላል። ካርታዎ ትናንት የሄዱበትን ሆቴል «የጎበኙት ቦታ» ብሎ ይመዘግባል። ከቀድሞ ባለቤትዎ ጋር ለልጆቹ ሲባል ያበሩት የመገኛ ቦታ መጋራት ካለ እስከ ዛሬ በርቶ እንዳይሆን ይመልከቱ። አንድ ወገኔ ሁሉን ነገር በጥንቃቄ ሰውሮ፣ የቤተሰቡ የስልክ ውል ዝርዝር ደረሰኝ ላይ አንድ ቁጥር ስድስት ጊዜ ተጽፎ በመገኘቱ ብቻ ጉዱ ወጥቷል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የስልክ ማውጫ ነው። ቁጥርዎን ስትመዘግብና እርስዎም ቁጥሯን ሲመዘግቡ፣ በሁለታችሁም ስልክ ላይ ያሉ መተግበሪያዎች ማውጫውን አንብበው ሁለታችሁን እንደሚተዋወቁ ሰዎች ያያይዟችኋል። በዋትሳፕ የመለያ ፎቶዎ ልጅዎን አቅፈው የተነሡት ከሆነ ልጅዎን አይታዋለች ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ ስምዎ በሙሉ ተጽፎ ከሆነ ስም መደበቅዎ ከንቱ ነው። በ2017 በፌስቡክ ላይ በሰፊው የተዘገበው ችግርም ይኸው ነበር፦ በሌላ ስም፣ በሌላ የኢሜይል አድራሻ የሚሠሩ ሴቶች ገጾች ለደንበኞቻቸው «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» ተብለው ይቀርቡ ነበር፤ የደንበኞቹም እውነተኛ ገጽ ለእነሱ ይቀርብላቸው ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ደዋይን በስም የሚያሳየው ትሩኮለር በየሰው ስልክ አለ። እንዲህ ያለ መተግበሪያ ማውጫዎን እንዲያነብ ከፈቀዱለት፣ እርስዎ በማውጫዎ «እገሊት ኤስኮርት» ብለው የመዘገቡት ስም በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከቁጥሯ ጋር ሊወጣ ይችላል። ይህ ለእሷ ጥፋት ነው፤ ያጠፋትም የእርስዎ የጣት ንክኪ ነው። ስለዚህ ቁጥሯን ጨርሶ በማውጫ አይመዝግቡ፤ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚሆን የተለየ የኢሜይል አድራሻ ይክፈቱ፤ ቢቻል ሌላ ሲም በአሮጌ ስልክ ያድርጉ፤ በቴሌግራምም ቁጥርዎን ማንም እንዳያየው ይዝጉት። በጀርመን አገር ከ2017 ወዲህ የቅድመ ክፍያ ሲምም ቢሆን መታወቂያ ሳይረጋገጥ አይሠራም፤ ሁለተኛው ሲም የሚጠቅምዎት ይህን ጉዳይ ከቤተሰብዎና ከሥራዎ ለመለየት ነው።

የት መገናኘት ይሻላል ብለው ባይጠይቁም አስተያየቴን ልስጥ። ቤትዎ ከሆነ ጎረቤትዎን ያስቡ፤ የልጆችዎ ፎቶ ከግድግዳው ይውረድ፣ ስምዎና የሥራ ቦታዎ የተጻፈባቸው ደብዳቤዎች ከጠረጴዛው ይነሡ። ሆቴል ከሆነ ክፍሉ በእርስዎ ስም ይያዛል። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ የጀርመን ዜጎች የእንግዳ ቅጽ መሙላት ቀርቶላቸዋል፣ የውጭ አገር ፓስፖርት የያዘ ግን አሁንም ይሞላል። ይህ ሊያስጨንቅዎት አይገባም፤ የሆቴል ሠራተኛ ስምዎን ለማንም የመናገር መብት የለውም። ነገር ግን ሐበሾች በብዛት የሚሠሩበትን ሆቴል፣ በተለይ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ፣ ቢተዉት የተሻለ ይመስለኛል።

ሴቲቱ ራሷ ሐበሻ ብትሆንስ? ይህን የምጽፈው በጥያቄዎ ውስጥ ስላለ ሳይሆን በብዙ ሰው ላይ ሲደርስ ስላየሁ ነው። የእኛ ሰው ሲተዋወቅ የመጀመሪያ ጥያቄው «አገርሽ የት ነው? የየት ሰፈር ልጅ ነሽ? እገሌን ታውቂዋለሽ?» የሚል ነው። በሌላ ቦታ ይህ የመቀራረቢያ መንገድ፣ ደግነትም ነው፤ በዚህ ቀጠሮ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የተሸፈነችበትን ልብስ ከላይዋ እንደ መግፈፍ ይሆንባታል። ስለ ሰፈሯ፣ ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ አይጠይቁ። ያጫወተችዎትን ብቻ ይስሙ፤ ያም ቢሆን እውነት ላይሆን እንደሚችልና እውነት እንዲሆንም ግዴታ እንደሌለባት ይቀበሉ። ሌላ ቀን በሠርግ፣ በለቅሶ ወይም በቅዳሴ መካከል ብትገናኙ ቀድመው ሰላምታ አይስጧት፣ ዓይንዎንም አያሳርፉባት። እሷ ቀርባ ሰላም ካለችዎት ብቻ፣ እንደማንኛውም ሰው መልሰው ይለፉ። በእንግድነት እንደምንኖር ማኅበረሰብ ወሬ ከወንዱ ይልቅ ሴቷን ነው የሚያጠፋት፤ እርስዎ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ይነገርብዎታል፣ እሷ ግን ከማኅበሩም ከዕድሩም ልትገለል፣ አገር ቤት ካሉ እናቷም ጋር ልትቆራረጥ ትችላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ለቅርብ ጓደኛዎም ቢሆን፣ ሞቅ ባለዎት ሰዓትም ቢሆን፣ ስሟንም መልኳንም አያንሡ።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር ልጨምር። «ሴተኛ አዳሪ» የሚለው ቃል በመጻሕፍትም በጤና ጽሑፎችም ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ቢሆንም ፊት ለፊት ሲነገር ያዋርዳል፤ ከዚያ የባሱትን ስድቦች ልጽፋቸው አልሻም። በሥራ ስሟ ይጥሯት። በአማርኛ የምትጻጻፉ ከሆነ «እርስዎ» ብለው ይጀምሩና «አንተ» ስትልዎት «አንቺ» ይበሉ፤ በጀርመንኛም እንዲሁ «ዚ» ብሎ መጀመር ያስከብራል።

የመጀመሪያው መልእክት አጭርና የተሟላ ይሁን። ማን እንደሆኑ፣ የትኛውን ቀንና ሰዓት እንደሚፈልጉ፣ ለስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በየትኛው የከተማው ክፍል እንደሆነ፣ በድረ ገጿ ላይ የጻፈችውን እንዳነበቡ ይግለጹ። ስለ ገላዋ መግለጫ፣ ስለ ምኞትዎ ዝርዝር አይጻፉ፤ ይህን የሚጽፉላት ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ለመቅጠር ሳይሆን ለመጻፍ ብቻ የሚጽፉ ናቸው። ዋጋው ይቀነሳል ወይ ላሉት፣ አይቀነስም፣ አይጠይቁ። የመርካቶ ልማዳችን እቃ ሲሆን ያምርብናል። እዚህ ላይ ግን «ትንሽ ቀንሺልኝ» ማለት ሰውነቷን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ከማናደዱም በላይ ለደኅንነቷ የምትፈራው ዓይነት ሰው መሆንዎን ይነግራታል፤ በዋጋ የተከራከረ ሰው በሰዓቱም፣ በኮንዶሙም ይከራከራል ብላ ትጠብቃለች፣ ልክም ናት። ዋጋው ከአቅምዎ በላይ ከሆነ አጭር ጊዜ ይጠይቁ ወይም ይተዉት።

በቀኑ በሰዓትዎ ይድረሱ። የሐበሻ ቀጠሮ ተብሎ የሚሳቅበት ነገር እዚህ ክፍያዋን ይቆርጥባታል፤ የዘገዩት ጊዜ ከተስማሙበት ሰዓት ላይ የሚታሰብ መሆኑንም ይወቁ። ገላዎን ታጥበው፣ ጥፍርዎን ቆርጠው፣ ሳይጠጡ ይሂዱ። ገንዘቡን ባልታሸገ ፖስታ አድርገው እንደገቡ፣ ሳትጠይቅዎት፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡላት፤ ስትቆጥርም አይቀየሙ። ለጓደኛዋ «ደርሻለሁ» ብላ ብትደውል እንደ ስድብ አይቁጠሩት። ሰዓቱ ሲደርስ ልብስዎን ለብሰው ይሁኑ። ቀጠሮ ማፍረስ ካለብዎ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ያሳውቋት፣ በመጨረሻው ሰዓት ካፈረሱ ደግሞ ያስቀመጠችውን የማካካሻ ክፍያ ያለ ክርክር ይክፈሉ።

በክፍሉ ውስጥ ሊታለፉ የማይገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፣ ሦስቱም በሕግ የታሠሩ ናቸው። ኮንዶም ከ2017ቱ ሕግ ጀምሮ የደንበኛው ግዴታ ነው፤ የተላለፈ ደንበኛ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል፣ ቅጣቱም በሴቲቱ ላይ ሳይሆን በእሱ ላይ የሚጣል ነው። በድብቅ ማውለቅ ደግሞ ከገንዘብ ቅጣት አልፎ የወሲብ ጥቃት ወንጀል መሆኑን የጀርመን ፍርድ ቤቶች ወስነዋል፤ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2022 አጽንቶታል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ መሠረት «አይሆንም» የሚለው ቃል ወይም ምልክት በቂ ነው፤ መከፈሉ ይህን አይሽረውም፣ የተጀመረ ነገርም መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ ያቁሙና ይጠይቁ እንጂ «ከፍዬአለሁ» አይበሉ። ሦስተኛው ስልክ ነው። ሳታውቅ ፎቶ ማንሣት እስከ ሁለት ዓመት፣ ድምፅ መቅዳት እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ስልክዎን ዘግተው ቦርሳዎ ውስጥ ያድርጉት፣ ዘግተው ሲያስቀምጡትም ትይዎት፤ ይህን ያህል ቀላል የሆነ ነገር ትከሻዋን እንዴት እንደሚያቀልላት ከእነሱው አፍ ሰምቻለሁ።

ሌላ ዓይነት ሁኔታም ሊገጥምዎ ይችላልና አስቀድመው ይወቁት። በስልክ የሚመልስላት ሌላ ሰው ከሆነ፣ ዋጋዋንና ሰዓቷን ራሷ መናገር ካልቻለች፣ የት ከተማ እንዳለች በትክክል ካላወቀች፣ ገንዘቡን ወዲያው ለሌላ ሰው የምታስተላልፍ ከሆነ፣ የተመታች ወይም የፈራች ከመሰለች፣ ዕድሜዋም ካጠራጠረዎት፣ በራሷ የምትሠራ ሴት አይደለችም። ይቅርታ ጠይቀው፣ ገንዘቡን ትተው ይውጡ። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ገንዘብ ከፍሎ ከእሷ ጋር መገናኘት በራሱ ወንጀል ነው። ተገዳ እንደምትሠራ እያወቀ የተጠቀመባት ደንበኛ ከሦስት ወር እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ምልክቱ በግልጽ እየታየ በከባድ ቸልተኝነት ያለፈም ሊቀጣ ይችላል። ያንኑ ሕግ ብዙ ሰው የማያውቀው ጎን አለው፦ በራሱ ፈቃድ ለፖሊስ ያመለከተ ደንበኛ በዚህ አንቀጽ አይቀጣም። ስለዚህ ስሜ ይወጣል ብለው ዝም አይበሉ። በ116016 ስልክ ቁጥር የሚገኘው የፌዴራል የእርዳታ መስመር ያለ ክፍያ፣ ስም ሳይጠይቅ፣ በብዙ ቋንቋዎች ይሠራል፤ አስቸኳይ ከሆነ 110 ይደውሉ።

«ፎቶህንና መልእክትህን ለሚስትህ፣ ለቀጣሪህ እልካለሁ» የሚል ሰው ቢመጣብዎትስ? በቢሮዬ ካየኋቸው ጉዳዮች እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰዎቹ መቶ ዩሮ ከፍለው የሚያርፉ እየመሰላቸው ሺዎች ከፍለው፣ እንቅልፍ አጥተው ይመጣሉ። አንድ ሳንቲም አይክፈሉ። የከፈለ ሰው የሚከፍል ሰው መሆኑን ነው ያስመሰከረው። መልእክቶቹን አያጥፉ፤ ቀንና ሰዓታቸው እንዲታይ አድርገው ያስቀምጡ፣ መልስ መስጠት ያቁሙ፣ ለፖሊስ ያመልክቱ። ማስፈራራቱ እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የጀርመን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም አንድን ጥፋት አወጣብሃለሁ ተብሎ የተዛተበት ሰው በዚያ ጥፋት ምክንያት ዐቃቤ ሕግ ሳይከስሰው ሊያልፍ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው የተዛተበት ሰው ከፍርሃት ወጥቶ እንዲያመለክት ነው። እርስዎ ደግሞ የሠሩት ወንጀል የለም።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ለጀርመን ነው፤ ለጉብኝት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ድንበር ሲሻገሩ ሕጉም አብሮ ይለወጣል። ስዊድን ከ1999፣ ኖርዌይ ከ2009፣ ፈረንሳይ ከ2016 ጀምሮ የሚቀጡት ገዢውን ነው፤ በፈረንሳይ ቅጣቱ እስከ 1,500 ዩሮ፣ ለደጋሚ እስከ 3,750 ዩሮ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በእስራኤልም በ2020 አጋማሽ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ የመጀመሪያው ቅጣት 2,000 ሼክል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተደገመ 4,000 ሼክል ነበር። በአሜሪካ በኔቫዳ አንዳንድ አውራጃዎች ፈቃድ ካላቸው ቤቶች በቀር በየግዛቱ የተከለከለ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች እስራትና ከአገር መባረር ስለሚያስከትል በዚያ ላሉት የምሰጠው ምክር «አይሞክሩት» የሚል ብቻ ነው፤ ሴቶቹም በዚያ ከባድ ቅጣት ሊደርስባቸው ይችላልና።

ስለ ጤና የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በየከተማው ያለው ጌዙንድሃይትስአምት (የሕዝብ ጤና ቢሮ) ስምዎን ሳይጠይቅ የኤችአይቪ ምርመራ ያደርግልዎታል፣ የሌሎች አባላዘር በሽታዎችንም ምክር ይሰጥዎታል፤ በወረፋ መጠበቂያው የሚጠሩት በቁጥር ነው። ኮንዶም ከተቀደደ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ሆስፒታል ሄደው መከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ያማክሩ፤ ለእሷም የዚያኑ ዕለት ይንገሯት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ ይውሰዱ።

ከቀጠሮው በኋላ አንዲት አጭር የምስጋና መልእክት በቂ ናት። በየቀኑ «እንዴት ዋልሽ» እያሉ መጻፍ ለእርስዎ ፍቅር ቢመስልዎም ለእሷ ያልተከፈለበት ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ እንድትተው መምከርም ካልጠየቀችዎት የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። ስለ እሷ አስተያየት ልጻፍ ካሉ አስቀድመው ያስፈቅዷት፤ ስለ ገላዋ ምልክት፣ ስለ ንግግሯ ቅላፄ፣ ስለ ሰፈሯ የሚጽፉት አንድ መስመር ማንነቷን ለሚያውቃት ሰው አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሰውን የወሲብ ሕይወት የሚመለከት መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ቆጥሮታል፤ ሥራዋ ንግድ ስለሆነ ደንቡ እሷንም ያስገድዳታል። ስለዚህ ዳግም ለመገናኘት ካላሰቡ «የላክኩልዎትን የመታወቂያ ምስል እባክዎ ያጥፉልኝ» ብለው በትሕትና ይጻፉላት። ከእርስዎም ወገን ቁጥሯን፣ ፎቶዎቿንና መልእክቶቿን ከስልክዎ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂውም፣ ልጆችዎ ከሚነኩት ታብሌትም ያጥፉና ማጥፋትዎን ይንገሯት።